ፓርላማን በደንብ ያስረዳሁ ዕለት

ከመቱ የወጣሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርዳል፤ የኢሉባቦር ዝናብ መቼም መንገደኛ ሲያይ ይብስበታል። ባለቤቴ ጫልቱ በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ልጃችን ቦንቱ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ዘንድ ተኝታ ነበር፤ አልቀሰቀስናትም። ነገሩ እንዳይጠረጠር አንዲት የትከሻ ቦርሳ ብቻ ነው የያዝኩት። «ለጠየቀሽ ሁሉ ስልጠና ሄዷል በይ» አልኳት። «አንተ ብቻ ናይሮቢ ደርሰህ የመኖሪያ ወረቀቱን አግኝ፣ እኛ እንከተልሃለን» አለችኝ። መናኸሪያው የሚያውቀን ሰው ስለማያጣ ሳንተቃቀፍ ተለያየን።

ለምን እንደሸሸሁ እናንተ አገር ቤት ያላችሁት ሰምታችኋል፤ ግን ወሬው ተጣሞ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። እንደምታውቁኝ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ነበርኩ። ፓርላሜንታዊና ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓትን የማስተምረው በእድር ነበር። «በኛ እድር አባላቱ ኮሚቴ ይመርጣሉ፣ ኮሚቴው ዳኛውን ይሾማል፤ ዳኛው ካጠፋ ኮሚቴው በማግስቱ ያወርደዋል። ፓርላሜንታዊ ማለት ይሄ ነው። በፕሬዚዳንታዊው ግን አባላቱ ዳኛውን በቀጥታ ይመርጡና ዘመኑ እስኪያልቅ ችለውት ይኖራሉ» እላለሁ። ክፍሉ ይስቃል፤ የሰፈራችን እድር ዳኛ የለቅሶ ድንኳን አዘግይተው የወረዱት ያን ሰሞን ነበርና። ታዲያ አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የእድሩ ዳኛ ሲወርዱ አይተናል። ፓርላማችን ጠቅላይ ሚኒስትር በድምፅ ሲያወርድስ አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም» አልኩ። ምላሴን ይቁረጠውና፣ «እናንተም የምታዩ አይመስለኝም» ብዬ ጨመርኩበት።

በሳምንቱ አንድ ቢሮ ተጠራሁ። የጠራኝ ሰውዬ ጨዋ ነው፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«ባርሲሳ» አለኝ በኦሮምኛ፣ አስተማሪ መሆኔን አክብሮ፤ «ውሸት ተናገሩ አላልንም።»

«ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«እውነቱን ማን ጠየቀዎት ነው ያልነው።»

ከእኔ በፊት በዚያ ቢሮ ሻይ የጠጣ ባልደረባዬ ሁለተኛ ሲጠራ ሄዶ አልተመለሰም። እኔ ሁለተኛውን ጥሪ አልጠበቅሁም። መንገዱን ደግሞ ተዉት፤ ሞያሌን በጆንያ መሃል ተሸጉጦ ያቋረጠ ያውቀዋል፣ ላላቋረጠው ብነግረው እንቅልፍ ከማሳጣት በቀር አይጠቅመውም።

ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መስኮቷ ሲከፈት የጎረቤት ግንብ ነው የሚታየው። ዝናብ እዚህም አለ፣ ግን እንግዳ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል፣ እንደኛ ዝናብ አብሮ አይኖርም። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ ገንፎ ነው፣ መሃሉ ላይ ቅቤ የሌለው ገንፎ። በላሁ፣ ጠገብኩ፣ ግን የበላሁ አይመስለኝም። ወረቀት ስለሌለኝ ፖሊስ እፈራለሁ፤ አገሬ ከአልጋዬ እስከ ማዕዘኑ ሱቅ ሆነ። የማወራት ሰው ብትኖር አከራዬ ማማ ኬቪን ናት።

«ምዋሊሙ፣ ፕሬዚዳንታችሁ ነው ያባረረህ?» አለችኝ አንድ ቀን። ምዋሊሙ በነሱ ቋንቋ አስተማሪ ነው።

«የኛ ፕሬዚዳንት ማንንም አያባርርም። እንግዳ ይቀበላል፣ ፓርላማ ይከፍታል። ሥልጣኑ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።»

«ሥልጣን የለውም፣ ግን ቤቱም ቀለቡም አለው?»

«አለው።»

«ገባኝ» አለች፣ «ባሌ ነው።»

በመጨረሻ የስደተኝነት ቃሌን የምሰጥበት ቀን ደረሰ። ቃል ተቀባዩ መነጽር ያደረገ፣ ትሁት ሰው ነው። አስተርጓሚ ልጥራልህ ሲለኝ በእንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ ብዬ ኮራሁበት። ቀጥሎ፣ «መንግሥታችሁ የፕሬዚዳንት ነው የፓርላማ?» አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፣ አስተማሪ ይህን ተጠይቆ በአጭሩ ይመልሳል? ስንት ወር ጠመኔ ያልነካ እጄን በላኝ። ተነሥቼ ቆምኩ። የሻይ ኩባያውን ምክር ቤት፣ የስኳሩን ዕቃ ጠቅላይ ሚኒስትር አደረግሁ። የእድሩን ዳኛና የድንኳኑን ነገር ስነግረው ከልቡ ሳቀ።

«ምክር ቤቱ አመኔታ ከነሳው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይወርዳል?»

«ይወርዳል! ምርጫ መጠበቅ የለም።»

«እኛ እኮ አምስት ዓመት ነው የምንጠብቀው። ስለዚህ የናንተ ይሻላል?»

«በዚህ በኩልስ ይሻላል» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። አገሬ በባዕድ ፊት ስትመሰገን ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ።

«ፍርድ ቤቱስ?»

«ነጻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ላይ ሰፍሯል።»

ስለተጠራሁበት ቢሮና ስለጠፋው ባልደረባዬ ልነግረው ስጀምር ሰዓቱ አልቆ ነበር፤ እየተጣደፍኩ ጠቀስኩለት። እጄን ጨብጦ ሸኘኝ። ከበር እንደወጣሁ ጫልቱ ጋ ደወልኩ። «በደንብ አስረዳሁት! አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ» አልኳት። «ባጋ ጋመዴ! እንኳን ደስ አለህ!» ብላ እልልታዋን ስታቀልጠው ሰዎች ዞረው አዩኝ።

ከሳምንታት በኋላ መልሱን የነገረችኝ እዚያው መሥሪያ ቤት ከመስታወት ኋላ የተቀመጠች ልጅ ናት። «አልተቀበሉህም» አለች።

«ለምን?»

«አንተው በሰጠኸው ቃል፣ በአገርህ መሪ በሰላም ይወርዳል፣ ፍርድ ቤቱም ነጻ ነው። የሚያሰጋህ ነገር አልታየም ብለዋል።»

«እኔ የነገርኳቸው እኮ የማስተምርበት መጽሐፍ ላይ ያለውን ነው!»

«መጽሐፉ ውሸት ነው?»

ውሸት ነው እንዳልል፣ አንድም የሐሰት መስመር የለበትም። እውነት ነው እንዳልል፣ እኔ ምን ልሠራ እዚህ መጣሁ? «ይግባኝ ማለት ትችላለህ» አለችኝ፤ «እስኪታይ ድረስ ግን ከናይሮቢ መውጣት አትችልም።» እንዳልመለስ ያ ቢሮ አለ፣ እንዳልቀመጥ ወረቀት የለኝም። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ጫልቱ ስትደውል አላነሳሁም፤ እንዴት ብዬ ልንገራት? ዛሬ ነገ ስል ቀናት አለፉ።

ትናንት በማላውቀው ቁጥር ተደወለ፤ አነሳሁት።

«በስንት መከራ አገኘንህ!» አለች ጫልቱ። «ሞያሌ ነን።»

«የት?»

«ሞያሌ። ቤቱን ለቀቅን፣ ዕቃውን ለእትዬ አስካለ ሰጠናት። ወረቀቱ እጅህ መግባቱ አይቀር ብዬ ነው፣ አፉን ከፍቶ ሰማኝ አላልከኝም? ነገ እንሻገራለን። እንካ፣ ልጅህ ታናግርህ።»

«አባ» አለች ቦንቱ፣ «ድንበሩ ጋ መጥተህ ትቀበለናለህ አይደል?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማኛል።

«አባ? ሃሎ?» ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ራቅ አለ፤ «እማ፣ ኔትወርኩ ሄደ መሰለኝ።»

ኔትወርኩ አልሄደም ነበር።