«ሲሸሹ ምን ያዙ?» ያሉን መምህርት

በጎንደር ለረጅም ዘመን ታሪክ ያስተማሩን መምህርት የሺመቤት ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ወዳጅ ዘመድና ተማሪዎቻቸው በተገኙበት በቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ይህን የምጽፈው እኔ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነኝ።

መምህርት የነገሥታትን ስም በቃል ማስያዝ አይወዱም ነበር። ወደ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይወስዱንና፣ «አዳራሹን ተዉት። ለዚህ ሁሉ መኳንንት ውኃ ማን ቀዳ? ጦር ሲያልፍ ገበሬው የት ገባ?» ይሉናል። መልስ ያጣ ተማሪ ካፈረ፣ «አለማወቅህ ሸጋ ነው፤ በል አብረን እንፈልግ» ይሉታል።

እኔና ደሳለኝ ከዛሪማ አካባቢ ለትምህርት የመጣን ነበርን። አጎቱ አጎቴን ገድሎ በቤተሰቦቻችን መካከል ደም ነበረ። በአንድ ክፍል እየተማርን አንነጋገርም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው አልቀመጥም። መምህርት ይህን ሲሰሙ ጠርተው አልገሠጹንም። ለክፍሉ በሙሉ አንድ የቤት ሥራ ሰጡ፦ «አያቶቻችሁን ጠይቁ። ጦር መጣ ተብሎ ሲሸሹ ምን ይዘው ወጡ?»

ለበዓል አገር ቤት ስገባ አያቴን ጠየቅኋት።

«ዘር ነዋ! ልጅ በጀርባ፣ የማሽላ ዘር በራስ» አለችኝ። «ሸሽተን የገባንበት ዋሻ ዝናብ አስገብቶ የኛው ዘር በሰበሰ። ከራሷ ቀንሳ ያካፈለችን የዚያ የደመኛችን እናት ናት።»

የደሳለኝን አያት ማለቷ ነበር።

ይህን በክፍል አነበብሁ። ደሳለኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «የኔም አያት ይህንኑ ነገረችኝ» አለ።

መምህርት ዐይናቸውን ጠረጉ። «ከኔ ይልቅ ሽማግሌዎቻችሁ ቢሰሙት አይሻልም?»

እርሳቸውም በመኪና ሊማሊሞን ቁልቁል ወደ አገራችን አብረውን ወረዱ። ሁለቱ አሮጊቶች የነገሩንን በሽማግሌዎች ፊት ደገሙት። ዕርቁ ግን በአንድ ቀን አልሆነም፤ አባቴ ብዙ አንገራገረ። መምህርትም በየበዓሉ እየተመላለሱ አባቴን ይለምኑት ነበር። በመጨረሻ ዕርቅ ወርዶ ደሙ ደረቀ። ደሳለኝ ዛሬ የልጄ የክርስትና አባት ነው።

እናታችን መምህርት የሺመቤት፣ እኔም አሁን እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰኞ ዕለት አንዲት ተማሪዬ፣ «ዘማች ሲቆስል ማን ያስታምመው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «በይ አብረን እንፈልግ» አልኋት። ቅዳሜ ከነጓደኞቿ የአካባቢውን አረጋውያን ልንጠይቅ እንወጣለን። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ የደከሙት ይበቃል። አምላክ ነፍስዎን በብርሃን ያሳርፍልን። በሰላም ይሂዱ፣ እናቴ።