ለቡሬ ወላዶች የሰጠኋት መኪና

መኪናውን በነፃ የሰጠ ሰው ደግ ነው ይባላል። እኔም ተብያለሁ። በሃምሳዎቹ መገባደጃ፣ በፍኖተ ሰላም መኪና ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ያለችኝን አንዲት ትንሽ መኪና ለቡሬ ጤና ጣቢያ ስሰጥ፣ መንገድ ላይ አስቁመው የመረቁኝ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ አሜን አልሁ። ነገሩ ደግነት እንዳልነበረ ግን እኔም አማቴም እናውቃለን።

ያኔ በመንገድ ሥራ ካምፕ ጸሐፊ ነበርሁ። መኪናዋን የገዛኋት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ግራጫ፣ ባለ ሁለት በር፣ ዳገት በመጣ ቁጥር የምታጉረመርም አሮጌ ነገር ነበረች። ግን ወደድኋት። ጠዋት ጠዋት የራሴን ፊት ሳልታጠብ እሷን አጥባለሁ። ባለቤቴ፣ «ለመሆኑ ያገባኸው ማንን ነው?» ትለኝ ነበር። ቀልዷን ነው። እሷም ብትሆን ከጎኔ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ነፋስ እያወዛወዘው ቡሬ ገበያ ስትገባ ደስታዋን መደበቅ አትችልም ነበር።

በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም፣ እኔም አልተከራከርሁም። የባለቤቴ ቀን ሲቃረብ፣ ሰኔ ሲገባ፣ እናቷ ዘንድ ወሰድኋት። ቤታቸው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው የጥርጊያ መንገድ ላይ፣ ከአንዲት ጉብታ ማዶ ነው። ዝናቡ ገና ስላልጠነከረ በማሳው መሐል አቋርጬ እስከ ደጃፉ ነዳሁ። አማቴ በእልልታ ተቀበሉን፤ መኪናዋንም እንደ እንግዳ ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት መልእክተኛ መጣብኝ። ምጡ ጸንቶባታል፣ አዋላጇም አልቻለችም፤ በቃሬዛ ወደ መንገዱ እናወጣታለን፣ አንተ መኪናህን ይዘህ ጠብቀን የሚል መልእክት ነበር። በረርሁ። ቦታው ስደርስ ሰኔ ላይ የነዳሁበት ማሳ ጭቃ ሆኗል። ጉብታዋም በዝናቡ ውስጥ በጣም ሩቅ መስላ ታየችኝ። መኪናዋን መንገዱ ዳር አቆምሁና ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ጎማው ይሰምጥ ነበር እላለሁ። እሺ፣ ይሰምጥ ይሆናል። እግር ግን ነበረኝ። ወርጄ፣ ጭቃውን አቋርጬ፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር ትከሻዬን ማግባት እችል ነበር። አልሄድሁም። በመንገዱ ከብቶች እየተነዱ ያልፉ ነበር፤ ትቻት ብሄድ ይገፏታል፣ መስተዋቷን ይሰብሩብኛል ብዬ ፈራሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ደግሞ በየደቂቃው «አሁን ብቅ ይላሉ» እላለሁ። እንዲህ እያልሁ እኩለ ቀን አለፈ። በኋላ ከጉብታው ላይ ጩኸት ተሰማ፤ የምን ጩኸት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። እሷም ልጁም አልተረፉም።

በለቅሶው ቀን የሠራሁት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አገራችን ውስጥ ክብር ያለው ሰው ሲሞት፣ ይቀመጥባት የነበረችው በቅሎ ተጭና፣ የሟቹን ልብስ ለብሳ በለቅሶው መሐል ትዞራለች። ባለቤቴ በቅሎ አልነበራትም። ክብሯ እንዳይጓደል ብዬ የሠርግ ቀሚሷን በመኪናዋ አፍንጫ ላይ አለበስሁ፣ ጃንጥላዋን ከላይ አሰርሁና ከመንገዱ ወጥቼ በለቅሶው ሜዳ ላይ ቀስ እያልሁ ሦስት ጊዜ ዞርሁ። ሰዉ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። ሜዳው ያው የሐምሌ ጭቃ ነበር። መኪናዋ አልሰመጠችም።

አማቴ ጎማዎቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሊያነጋግሩኝ አልወደዱም። «ለመኪናው ሳሳ» ማለታቸውን ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቆምኋት። ማጠብ ተውሁ። የጎን ወንበሯን ማየት አልቻልሁም። የሟችን በቅሎ ለንስሐ አባት መስጠት ወግ ነውና አንድ እሁድ ቁልፉን ይዤ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። ቄሱ ቁልፉን በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

«እኔ ይችን የት አስሬ ላሳድራት፣ ልጀ?» አሉኝ። «ሣር አትበላ፣ በልጓም አትመራ። ይልቅ እንደሷ ምጥ ለጠናባት ትሁን። የቡሬው ድሬሰር፣ የጤና ጣቢያው መርፌ ወጊ፣ መንዳት ያውቃል ይሉታል፤ ለነፍሷ ብለህ ለሱ ስጣት።»

በማግስቱ ቡሬ ወስጄ ለድሬሰሩ አስረከብኋትና በጭነት መኪና ተሳፍሬ ተመለስሁ። ቀለል ያለኝ መሰለኝ። ግን «ነገ ቡሬ ትወርዳለህ?» እያሉ በሬን ሲያንኳኩ የነበሩት ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ጠፉ። ወዳጆቼ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ የመኪናዋ ወዳጆች ኖረዋል። ከሥራ ገብቼ እስክተኛ ድረስ አንድ ቃል ሳልናገር የማድርባቸው ቀናት በዙ። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ያም ይሁን፣ መኪናዋ የሰው ነፍስ ታድናለች ብዬ እጽናና ነበር። ይህንም መጽናኛ ድሬሰሩ ወሰደብኝ። መስከረም ላይ ካምፑ ድረስ መጥቶ፣ «ወንድምዓለም፣ አትቀየመኝ። መኪናህን የሚሳፈራት ሰው አጣሁ» አለኝ። «ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው በአጠገቧ ያልፋሉ። ብለምን፣ ብለምን፣ ‹ያች የሙት ቀሚስ ለብሳ ለቅሶ የዞረችው አይደለች? ነፍሰ ጡር አናስገባባትም› ይሉኛል።»

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ቀሚሱን ያለበስኋት እኔ ነኝ፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ያዞርኋትም እኔ ነኝ። ሚስቴን ሳታደርስ ቀረች፤ አሁን ደግሞ በእኔ ሞኝነት የሌላውንም ሚስት ልታደርስ አልቻለችም። ሌላ ዘዴ ስላጣሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እየወረድሁ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ አጥባት ጀመር። ሰው ንጽሕናዋን አይቶ ይረሳልኛል ብዬ ነው። ገበያተኛው ግን ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል።

ኅዳር ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ጎንበስ ብዬ ጎማዋን ሳጥብ ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አማቴ ቆመዋል። ጥቁር የተነከረ የሐዘን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል።

«ክፈት» አሉኝ።

ከአራት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። በሩን ከፈትሁላቸው። ልጃቸው ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«በል፣ በገበያው መሐል ንዳ። ቀስ ብለህ።»

ነዳሁ። ሰዉ እህሉንም ድርድሩንም ትቶ ግራና ቀኝ ቆመ። አማቴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «እዩኝ! ልጀን የቀበርሁ እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ከተቀመጥሁባት እናንተ ምን ያስፈራችኋል? ልጃችሁ ምጥ ሲጠናባት በዚች አምጧት! የእኔን አይታችኋል፤ አይበቃችሁም?» ሁለት ጊዜ ዞርን። በሁለተኛው ዙር የሚያለቅሱ ሴቶች አየሁ።

ደጉን ነገር እዚህ ላይ ልናገረው። ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ወላድ በመኪናዋ ተሳፍራ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ከዚያ በኋላ የሚፈራ አልተገኘም። ያን ቀን ግን ይህን ገና አላወቅሁም፤ ያወቅሁት ሌላ ነገር ነው።

ገበያውን ስንጨርስ አማቴ ወደ አገራቸው እንድመልሳቸው ጠየቁኝ። ሐምሌ ላይ የጠበቅሁበት ቦታ ስንደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እዚህ ነበርህ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

በእጃቸው ወደ ጉብታው አመለከቱ። «ከዚያ ላይ ሆና አይታት ነበር፣ መኪናዋን» አሉ። «‹መጥቷል፣ ያውና› አለችኝ። ፊቷ በራ። ‹አሁን ወደኔ ይመጣል› አለች። ተሸካሚዎቹንም ትንሽ አሳርፉኝ አለቻቸው።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉና በሩን ከፈቱ። ማሳው ደርቋል፣ እስከ ደጃፍዎ ላድርስዎት ብላቸው፣ «እኔስ ከዚህ በእግሬ ነው የምሄድ» አሉኝ።

ወርጄ ከመኪናዋ አጠገብ ቆምሁ፤ አሁንም ተከትዬ አልሄድሁም። አማቴ ያረጁ ናቸው፤ ጉልበታቸውም ታሟል። በከዘራቸው እየተደገፉ አዘገሙ፤ ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ። ዞር ብለው አላዩኝም፣ ግባ እንኳ አላሉኝም። ጉብታዋ ላይ ወጥተው ወዲያ ማዶ ሲወርዱ እጄን በሞተሯ ላይ አሳረፍሁ። ገና አልቀዘቀዘም ነበር።