አውድማ ላይ የነዳሁ ለት

«መንገዱን እኔ አገኛለሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ባሕር ዳር፣ ብስክሌት በሚነዱ ስድስት ጓደኞቼ ፊት ነው። አስፋልት ሰልችቶናል። ጥንት ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣው ጥቁር ድንጋይና የቤተ ክርስቲያን ደን ያለበት፣ በጠጠርና በጥርጊያ መንገድ የሚኬድ የሦስት ቀን ጉዞ አማረን። ቀድሞ አይቶ የሚመጣ ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁ። ታኅሣሥ ውስጥ ብስክሌቴን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወደ ንፋስ መውጫ ተነሣሁ። ረዳቱ ለብስክሌቱም የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ብከራከረው፣ «እሱ እንዲያውም ተኝቶ ነው የሚሄደው» አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን

ንፋስ መውጫ ስሟን አላስዋሸችም። ጠዋት መሪውን ስጨብጥ ጣቶቼ የኔ አልመስል አሉኝ። ትኩስ ሽሮዬን በልቼ በጋይንት ምድር ወደ ደቡብ ወረድኩ። ኮረኮንቹ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ግራና ቀኙ የታጨደ ገብስና ስንዴ ነው። ቤተ ልሔም ስደርስ የደብሩን ጽድና ወይራ አይቼ ከብስክሌቴ ወረድኩና ተሳለምኩ። ከቅጥሩ ሥር ፀሐይ የሚሞቁ አንድ መሪጌታ ብስክሌቴን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ሽቅቡን አንተ ትገፋዋለህ፣ ቁልቁሉን እሱ ይጥልሃል» አሉኝ። «ታዲያ መቼ ነው የሚሸከምህ?»

«ሜዳ ሲገኝ ነው፣ የኔታ።»

«በጋይንት ሜዳ ፍለጋ መጣህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሁለተኛው ቀን

ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ገደሉ ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። ጥቁሩ ድንጋይ እንደ እንጨት ክምር ዘንግ ዘንግ ሆኖ ቆሟል፤ ጠርዙን በእጄ እየዳሰስኩ ብቆጥረው አንዱ አምስት፣ ሌላው ስድስት ማዕዘን አለው። ቀልጦ የነበረው ሲበርድ እየተሰነጠቀ ነው እንዲህ የሆነው ይባላል። ባውቀውም መገረሜን አልተውኩም፤ ብዙ ሰዓት አጠፋሁበት። ከዚያ ጎማዬ ሁለቴ ተነፈሰና ወገዳ የገባሁት እየገፋሁ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ወደ እስቴ አቅጣጫ ስሄድ ከአንድ ደን አፋፍ ቁልቁል ተወረወርኩ። ኮሶውና ወይራው እንዳለቀ፣ ከስንዴ ክምር አጠገብ፣ ክብ የሆነ ልስልስ ያለ ሜዳ ተዘርግቶ አየሁ። ድንጋይ የለ፣ ሣር የለ! ዘው ብዬ ገባሁበት። በአንድ እጄ ስልኬን ይዤ እየቀረፅኩ ሁለት ጊዜ ዞርኩበትና ቪዲዮውን ከነቦታው ለሳምሶን ላክሁ። ሳምሶን ለጉዞው ካርታ የሚሠራው ጓደኛችን ነው። «ከመንገዱ ሁሉ ምርጡ ቦታ» ብዬ ጻፍኩለት።

ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ከክምሩ ሥር ቆመው ያዩኛል። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው በጎማዬ ፋና ጣታቸውን ሰደዱበት፤ ጣታቸው እስከ አንጓው ገባ።

«አውድማ ነው» አሉኝ። «ጠዋት ነው የለቀለቅነው። ላዩ ደረቀ እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው።»

አፈርኩ። አውድማ ጫማ ተወልቆ የሚገባበት መሆኑን የገበሬ ልጅ ሆኜ አላጣሁትም፤ እኔ ግን በጎማ ዞርኩበት። ሽማግሌው አያ ታከለ ይባላሉ። በማግስቱ የስንዴያቸው ውቂያ ነበር። ዐሥራ አምስት ጎረቤት በወንፈል ተጠርቷል፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ እየተባባሉ ቀን የሚበዳደሩበት ነው። ይህ ቀን ካለፈ ሁሉም ወደየራሱ አዝመራ ይሄዳል፤ ተራው እስኪመለስ ክምሩ ሜዳ ላይ ሊቆይ ነው። ከጉና ተራራ በኩል ደግሞ ደመና እየከበደ ነበር። ዝናብ ቢመታው የዓመት ቀለባቸው ይበሰብሳል።

«ልካስዎት፣ ገንዘብ ልክፈል» አልኩ።

«ገንዘብ መሬት ያደርቃል?»

ጫማዬን አወለቅኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ዳር ላይ ቆመው እያዘዙኝ ትኩስ እበት ለቀምኩ፣ ውኃ ተሸከምኩ፣ ፋናውን እየደፈንኩ በእጄ ለቀለቅኩ። «አታወፍረው፣ ስስ አድርገው፤ ወፍራሙ አይደርቅም» ይሉኛል። ወገቤ ተቆረጠ። ደመናው ሳይወርድ አመሸ፤ እኔም እዚያው አደርኩ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት አውድማውን በባዶ እግሬ ረገጥኩት። ግማሹ ጠንክሯል፣ በስተምሥራቅ እኔ የለቀለቅኩት ግን አሁንም ይለመጣል። ጎረቤቶቹ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ። አንዱ የተደፈነውን ፋና አይቶ፣ «ምን ዓይነት እባብ ነው የሄደበት?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አያ ታከለ ጥቂት አሰቡና በሬዎቹን በደረቀው ግማሽ ላይ ብቻ አስገቧቸው። ዙሩ ጠበበ፣ ሥራውም ዘገየ። መንሽ ይዤ ነዶውን ስገለብጥና ገለባ ስሸከም ዋልኩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የመጨረሻው ስንዴ ጎተራ ገባ። ዝናቡ ወዲያው ተከተለ። ከእርጥቡ ጠርዝ የተጠረገው አንድ ቁና ያህል እህል አፈር ይዞ ስለነበር እትዬ ዘውዴ ለብቻው አስቀመጡት፤ ያ የኔ ጥፋት ነው።

በማግስቱ ስሰናበት አያ ታከለ እጄን ይዘው፣ «የመጀመሪያው ቀን የጥፋትህ ነው» አሉኝ። «ሁለተኛው ግን ወንፈል ነው። አንድ ቀን እኔ ዘንድ አለህ።»

ቀልድ መስሎኝ፣ ስልክ ቁጥር ተለዋውጠን በእስቴ አድርጌ ተመለስኩ።

ባሕር ዳር

ቤቴ እንደገባሁ ቪዲዮውን አጠፋሁ። ሳምሶን የአውድማውን ቦታ ካርታው ላይ በቀይ ምልክት አድርጎበት ስለነበር ተጨቃጨቅን፤ ምልክቱን አስጠፋሁት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ መሬት ሲለሰልስልኝ ወርጄ ማን እንዳለሰለሰው መጠየቅን ነው።

በሳምንቱ አያ ታከለ ደወሉ። «ቀንህን መቼ ልመልስ? ምን ሥራ አለህ?»

ግራ ገባኝ። የማርሰው የለኝ፣ የምወቃው የለኝ፤ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በኪራይ ቤት ነው። እንዳለ ነገርኳቸው።

«እንግዲያስ ጓደኞችህን ይዘህ ስትመጣ ፊት ፊት እየሄድኩ ልምራችሁ። መንገዱንና አውድማውን እለይላችኋለሁ።»

«እሺ፣ አያ ታከለ» አልኳቸው።

ማታውን ለሳምሶን፣ ጉዞው አምስት ቀን ይሁን ብዬ ጻፍኩለት።

«በብስክሌት? ሦስት ቀን አይበቃም?» አለኝ።

«መሪያችን በእግራቸው ናቸው» አልኩት።