ወረቀት የማይጽፈው ሳቅ

ጋሽ አድማሱ አረፉ አሉኝ። አላመንኩም!

ጠዋት ጓደኛዬ ደውሎ ሲነግረኝ «ደግሞ በእኔ ላይ ትቀልዳለህ?» ብዬ ዘጋሁበት። እውነት መሆኑን ካጣራሁ በኋላ ለሌሎች ስደውል ደግሞ እኔን የሚያምነኝ ጠፋ። አንዱማ «ከነገ ጀምሮ የቦንጋ ባጃጅ በነፃ ነው ያልከን አንተ አይደለህ?» አለኝ። ነኝ። ይሄ ግን ቀልድ አይደለም። ምነው በሆነ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ አድማሱ የወንጀል ሥነ ልቦና ምሁር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ከእስረኛ ጋር ሲያወሩ፣ ፍርድ ቤት ሲያስረዱ፣ ኮሌጅ ሲያስተምሩ ኖሩ። እኔ ያወቅኳቸው ኮሌጅ አይደለም፤ ትምህርትና እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተፋተናል። ማረሚያ ቤት ነው።

ጎረቤታችን ሺሺንዳ ገበያ ሊወስዱት ያዘጋጁት ማር ጠፋ። ፖሊስ «አንተ ነህ የሰረቅከው?» ሲለኝ፣ መቼስ አፌ አያርፍ፣ «አዎ፣ ንቦቹንም ጨምሬ!» አልኩት። ሰውዬው ኮስተር ብሎ ጻፈ፦ «ማሩን ከነንቦቹ መስረቁን አምኗል።» እየሳቅኩ ፈረምኩ። ሳቄ ያለቀው ሲቆለፍብኝ ነው። እናቴ ስንቅ ስታቀብለኝ «ይሄ አፍህ!» ብላ አለቀሰች።

ጋሽ አድማሱ መጡና «ልክ እንዳልከው አድርገህ በለው እስቲ» አሉኝ። አልኩት። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ፍርድ ቤት ቆመው ቃሌን በእኔው ድምፅ፣ በእኔው ጥቅሻ አነበቡት። ዳኛው ራሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወረቀት ሳቅ አይጽፍም። እውነት ነው ከተባለ ንቦቹም ይቅረቡ!» አሉ።

ተለቀቅኩ።

ብዙም ሳይቆዩ «አንተ ንብ ሌባ፣ ና አስተምርልኝ» ብለው ክፍላቸው ወሰዱኝ። እኔ አወራለሁ፣ ተማሪዎቹ እውነቱን ከውሸቱ ይለያሉ። «ደካ ከተማ ሚስት አለችኝ» ስል አመኑ። «ንብ እፈራለሁ» ስል ሳቁብኝ። እሷ ናት እኮ እውነቷ!

«እነዚህ ነገ በሰው ላይ የሚመሰክሩ ናቸው፤ ቀልድ ይልመዱ» ይሉኝ ነበር።

«ወረቀት ሳቅ አይጽፍም» ባሉ ቁጥር «ጋሼ፣ ፌስቡክ ግን ይጽፋል» እላቸዋለሁ። «ዝም በል፣ ባለጌ!» ይሉና ይስቃሉ።

ጋሼ፣ ዛሬ ለቅሶዎ ድንኳን ውስጥ ተማሪዎችዎ የንቦቹን ታሪክ አስደገሙኝ። ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። እናቴም ሳቀች።

ደህና ይሁኑ። እዚያ ንቦቹን ካገኟቸው፣ እኔ ነክቻቸው እንደሆነ ይጠይቁልኝ።

ሳቁን ይኸው ጻፍኩልዎ፦ ኪኪኪኪኪ። ሌላውን ፌስቡክም አይጽፈው።