«አፈር ስሆን» በእንግሊዝኛ

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ለመክፈል ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ የቆመች ወጣት እናት ወደ ልጇ ዞር አለችና «ዋ፣ ያንን ቸኮላት ካልመለስክ ቆዳህን ነው የምገፈው» አለችው። ልጁ ቸኮላቱን እንደያዘ ፈገግ አለ። ከተሰለፍነው ሰዎች አንዳችንም ቀና ብለን አላየናቸውም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እቃዬን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ብቻዬን መሳቅ የጀመርኩት። ስቄ ስጨርስም ወዲያው ሞተር አላስነሳሁም፤ እትዬ ዘነበችና ልጃቸው ማህሌት ትዝ ብለውኝ ነበር።

ያኔ ኮሌጅ ከጨረስኩ ብዙም አልቆየሁም። ማታ ማታ አዳምስ ሞርጋን አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት አስተናግድ ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ቤታቸው የሚያስተምሩ ወላጆች ላቋቋሙት ማኅበር የፈጠራ ጽሑፍ አስተምር ነበር። የምንሰበሰበው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በተከራዩት ቤዝመንት ነው። ክፍሉ እርጥብ ምንጣፍና ክሬዮን ይሸታል፤ ከአናታችን ያለው ቱቦ ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር ይንቋቋል። ያም ሆኖ እወደው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው «ቲቸር» ብሎ የጠራኝ እዚያ ነው።

ከልጆቹ መካከል ሐበሻ ማህሌት ብቻ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አስም ስላለባት ከትምህርት ቤት የምትቀርበት ቀን ከምትሄድበት እየበለጠ ሲመጣ እናቷ ቤት አስቀርተው ማስተማር ጀመሩ። የሚኖሩት ራቅ ብላ ባለች ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እትዬ ዘነበች ሌሊቱን አረጋውያን ሲንከባከቡ ያድሩና፣ ጠዋት ሳይተኙ ልጃቸውን ይዘው ያንን የቤልትዌይ ቀለበት መንገድ ትራፊክ አቋርጠው ይመጣሉ። ትምህርቱ እስኪያልቅ ፓርኪንጉ ላይ የመኪናቸውን ወንበር ወደ ኋላ ለቀው ይተኛሉ።

ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ዘይቤ ማስተማር ጀመርኩ። ማነጻጸሩን ልጆቹ ቶሎ ያዙት፤ ጨረቃዋ እንደ ፒዛ፣ የታናሽ ወንድም ጩኸት እንደ አምቡላንስ ሆነ። ቀጥሎ «እንደ» የምትለዋን ቃል አውጥተን አንዱን ነገር በቀጥታ ሌላ ማለት ተማርን። ከዚያ ግነት መጣ፤ የወደዱት እሱን ነው። «በሉ፣ ቤታችሁ ስላለ አንድ ሰው ጻፉ» አልኳቸው። «ሰውየው እንዴት እንደሚናገር በደንብ ስሙት። ስትጽፉ ግን አታብራሩ። ዘይቤ ሲያብራሩት ይሞታል።» ይቺን አነጋገር ከኮሌጅ ይዣት ነው የመጣሁት፤ እኮራባትም ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ የማኅበሩ አስተባባሪ ካረን ጽሑፎቹን ግድግዳ ላይ ልትለጥፍ ሰብስባ ከእኔ ቀድማ አነበበቻቸው። ካረን ራሷም ልጆቿን ቤት የምታስተምር፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። ኮሪደር ላይ ጠራችኝና የማህሌትን ወረቀት ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦

«እናቴ በየቀኑ ትገድለኛለች። ጸጉሬን ስታበጥረኝ ከተንቀሳቀስኩ ቆዳዬን ትገፈዋለች። ሲያመኝ አንጀቷን እበላዋለሁ። እራቴን ካልጨረስኩ አፈር ትሆናለች።»

ሳቄ መጣ። ቀና ስል ግን ካረን ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይቺ ሴት ልጇን እገድላለሁ፣ ራሴንም አጠፋለሁ እያለች ነው» አለችኝ። «አንብቤ ዝም ማለት አልችልም። ደውዬ ማሳወቅ አለብኝ።»

የት እንደምትደውል መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጃቸውን ይበድላሉ ተብለው መንግሥት ልጆቻቸውን ስለወሰደባቸው ቤተሰቦች ሬስቶራንቱ ውስጥ ሁሌ ይወራ ነበር። እውነቱን ከፈጠራው ለይቶ የሚያውቅ ባይኖርም ሁላችንም እንፈራው ነበር።

«ግነት እኮ ነው» አልኳት። «ያስተማርኳቸው እሱን ነው። ያንቺም ልጅ ረሃብ ሊገድለኝ ነው ብሎ ጽፏል።»

«እሱን ሁሉም ሰው ይለዋል። ይሄ ግን ቆዳ መግፈፍ ነው።»

እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ በዚያች ሰዓት ግን «አፈር ስሆን»ን የሚተካ አንድ ቃል አልመጣልኝም። አፈር መሆን መሞት ነው፣ ግን መሞት ማለት አይደለም እያልኩ በተናገርኩ ቁጥር የካረን ፊት ይብሱን ጠቆረ። በመጨረሻ «ቢያንስ ከመደወልሽ በፊት ልጅቷን ራሷን ጠይቂያት» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እናቷም ትምጣ» አለች።

ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። ያደረው ዝናብ ያረጠበው ቅጠል የመኪናው መስታወት ላይ ተለጥፏል። ሳንኳኳ እትዬ ዘነበች ደንግጠው ነቁ።

«ምነው ሰናይት፣ አስሟ ተነሳባት?»

«ኧረ የለም፣ ደህና ናት።»

ስለ ወረቀቱ ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው?» አሉኝ፤ በጣም ቀስ ብለው።

«አይወስዱም» አልኳቸው። ይውሰዱ አይውሰዱ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ቤዝመንቱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ኪችን ማህሌት ተጠርታ መጣች። ካረን ጎንበስ አለችላት።

«ማህሌት፣ እናትሽ መታሽ ታውቃለች?»

«ኖ።»

«ትፈሪያታለሽ?»

«ማበጠሪያ ስትይዝ።»

«አፈር እሆናለሁ ስትልሽስ? ምን ማለቷ ነው?»

ማህሌት ዞር ብላ እኔን አየችኝ። አታብራሩ ብያቸው ስለነበር ፈቃድ መጠየቋ ነው። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላት።

«ፕሊስ ማለቷ ነው» አለች። «እንድበላላት በጣም ስትፈልግ ነው እንደዚያ የምትለው።»

ካረን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ፕሊስ» ብላ ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ወረቀቱን ለእትዬ ዘነበች ሰጠቻቸውና ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እትዬ ዘነበች እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ከገቡ ጀምሮ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ምን እንደሚያደርጉ ግራ ሲገባቸው ቦርሳቸውን ከፈቱና የማህሌትን ምሳ አወጡ፤ በቴርሞስ የተያዘ፣ እንፋሎቱ ገና ያልወጣ ፍርፍር። በክዳኑ ለካረን ጨልፈው ዘረጉላትና «አፈር ስ...» ብለው ቆሙ።

«ፕሊስ» አሉ።

ካረን በላች። በርበሬው አስለቀሳት፤ ሁሉም እንባ የበርበሬው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን ማህሌት አኩርፋ መጣች።

«እናቴ ልክ አይደለችም» አለችኝ። «ፕሊስ ብቻ ሆናለች። ፕሊስ ጫማሽን አድርጊ፣ ፕሊስ ብዪ። እንደ ነርስ ነው የምታናግረኝ። የጠላችኝ ይመስለኛል።»

ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። «ሰው ይሰማኛል ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። «ቤቴ ውስጥ፣ በሬን ዘግቼ እንኳን እፈራለሁ። ምላሴ ታስሮ ነው የከረምኩት።»

«አሁን ካረንም ገብቷታል እኮ» አልኳቸው።

ብርዱ በጠናበት አንድ ረቡዕ ማህሌት ከክፍል ወጥታ ያለ ጃኬት ወደ መኪናው ሮጠች። እትዬ ዘነበች መስኮቱን አውርደው «ማህሌት፣ ጃኬትሽን ልበሺ፤ ዋ፣ እንዳልፈልጥሽ» ብለው ጮኹባት። ልጅቷ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ፊቷ በርቶ ጃኬቷን ልታመጣ ወደ እኛ ተመለሰች። አጠገቤ በሩን ይዛ የቆመችው ካረን ጠጋ አለችኝ።

«እሱስ ምን ማለት ነው?»

«ብርድ ነው ማለት ነው» አልኳት።

ካረንን በዚያ ጉዳይ ተቀይሜያት አላውቅም። አንድ ልጅ የጻፈችውን ቃል በቁም ነገር የወሰደች ሴት ናት፤ አይታ እንዳላየች ብታልፈው ይሻል ነበር ለማለት ድፍረቱ የለኝም። በዚያ ዘመን በእርግጥ የሆኑብኝን ብዙ ነገሮች ረስቻቸዋለሁ። ሳይደወል የቀረው ያ ስልክ ግን እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ ያሰኘኛል። ማህሌት አሁን የራሷ ልጅ አላት፤ የምታሳድገውም በእንግሊዝኛ ነው። ስትቆጣው ግን አማርኛ ይመጣላታል፤ ልጁም ከአማርኛ ሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው እሱን ነው።