አዲሱ ዶስ እስኪረጋ

አምስት ቀን በገዛ ቤቴ ታስሬ አውቃለሁ። በሩን የዘጋብኝ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛውም እስረኛውም እኔው ነበርኩ። ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በመጋረጃ ለሁለት በተከፈለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው ነገሩ የሆነው። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋችን፣ ከመጋረጃው ወዲህ ጠረጴዛችን፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ኮምፒውተር ነበር።

በደርግ ጊዜ ኮምፒውተር እቤቱ ያለው ሰው በሰፈር ቀርቶ በከተማውም በጣት የሚቆጠር ነው። ሀብታም ሆኜ አይደለም። የጽሕፈት መኪናና የሒሳብ ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ፤ መሥሪያ ቤታችን ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ፣ ከሚጣል ብሎ አሮጌ ማሽኑን ለእኔ ተወልኝ። ካርቶኑን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ የቀበሌው ጥበቃ አስቁሞ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። የጽሕፈት መኪና እንኳ «ምን ሊጻፍበት ነው?» የሚያሰኝበት ጊዜ ስለነበር፣ «ቴሌቪዥን ነው፤ የተበላሸ» አልኩት። ይህች ቃል ብዙ ጣጣ አመጣችብኝ። ጎረቤቶቻችን ኳስ ባለ ቁጥር «ዛሬም አልሠራኸውም?» ይሉኛል። የራሱን ቴሌቪዥን መጠገን ያቃተው ጠጋኝ ተብዬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቢበላሽ ሰው እቤት ጠርቶ ማሳየት የማይታሰብ ሆነ።

እኔ ማሽኑን ለጨዋታ ነበር የምፈልገው። ቁም ነገር የሠራችበት ባለቤቴ ናት። ጳውሎስ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ ስትተይብ ኖራለች። ማታ ማታ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ በቀጥታ ወደ ክፍል፣ ከክፍል የመጨረሻውን አውቶቡስ ተሻምታ ወደ ቤት። ያን ዓመት ከጥቂት ክፍሎች በቀር የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበር። ርእሱ የሸጎሌ ከብት ገበያ ደላሎች ነው። በየቅዳሜው እየወረደች ደላሎቹን ታነጋግራለች፤ እነሱም ግብር ልታስጨምርባቸው የተላከች መስሏቸው አንዱ ያለውን ሌላው ይሽረዋል። ያንን ሁሉ አንጠርጥራ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት እየጻፈች አርባ ስምንት ገጽ አድርሳዋለች። መሥሪያ ቤቷ አንድ የሥራ መደብ ክፍት ነበረው፤ ዲግሪዋን በሐምሌ ካመጣች የእሷ ነው፣ ካላመጣች ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጽሑፏን የምታስረክበው የሚመጣው ሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ነው።

እንግዲህ እኔ ዶሱን የቀየርኩት በዚህ መሐል ነው። ዶስ ማለት ያኔ ማሽኑን ከእንቅልፉ የሚያነቃውና የሚያዘው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ያለ እሱ ኮምፒውተር ባዶ ቆርቆሮ ነው። አሮጌው ዶስ ምንም አልሆነም ነበር። ማንም አላስገደደኝም። መሥሪያ ቤት አንድ አንጋፋ ባልደረባ አዲሱን በዲስኬት አገኘና ሰጠኝ፤ እኔም አዲስ ነገር በእጄ ገብቶ ማደሩን አልቻልኩም። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ማስረከቢያዋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤቴ የመጨረሻዋን ጥያቄ ለመጠየቅ ወደ ሸጎሌ ልትወርድ ጫማዋን ስታስር፣ «ዛሬ ማሽኑን አድሰዋለሁ፤ ይፈጥንልሻል» አልኳት።

«ጽሑፌስ?»

«መጀመሪያ በዲስኬት እቀዳዋለሁ፣ ከዚያ መልሼ አስገባዋለሁ። ሥራዬ እኮ ነው!»

«አደራ» አለችኝ። ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

የነበሩኝ ዲስኬቶች ስድስት ናቸው። የማሽኑ ሆድ ደግሞ ያ ፈረንጅ ትቶት በሄደ ዝባዝንኬ የተሞላ ነው። ሁሉንም ልቅዳ ብል ሃምሳ ዲስኬት አይበቃኝም። ስለዚህ ብልጥ ሆንኩ። ማሽኑ እያንዳንዱን ጽሑፍ መቼ እንደተነካ ቀን ይጽፍበታል፤ እኔም «ካለፈው ሐምሌ ወዲህ የተነካውን ብቻ ቅዳ» ብዬ አዘዝኩት። ሐምሌ ወደ እኛ ቤት የመጣበት ወር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የፈረንጁ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ። ስሞቹ በማሽኑ መስኮት ላይ ሽው ሽው እያሉ አለፉ። የራሴን ደብዳቤዎችና አንድ ሁለት ጨዋታ ለየሁ፤ ይበቃኛል ብዬ ሻይ ልጠጣ ተነሣሁ። ከዚያ የማሽኑን ሆድ አጠብኩት። ፎርማት ይሉታል፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርኩ።

አዲሱ ዶስ ሲነሣ ያው እንደ አሮጌው ጥቁር መስኮትና አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ምልክት ነው። ያንን ለማየት ነው ይህን ሁሉ የደከምኩት። የቀዳሁትን መለስኩና ዝርዝሩን አየሁ። ደብዳቤዎቼ አሉ። ጨዋታዎቹ አሉ። የሸጎሌ ደላሎች የሉም። ስድስቱንም ዲስኬቶች ደጋግሜ እየነቀልኩ እየከተትኩ ፈለግሁ። የሉም።

ባለቤቴ ስትመለስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ፊቷ ግን በርቶ ነበር። ያ ለሁለት ወር ያስቸገራት ሽማግሌ ደላላ በመጨረሻ እውነቱን ነግሯታል። «እስቲ ሳልረሳው ልጻፈው፣ ተነሥልኝ» አለችኝ።

እንዲህ የሚል ነገር ከአፌ ወጣ፦ «ዛሬ አይሆንም። አዲሱ ዶስ ገና አልረጋም።»

«አልረጋም ማለት?»

«አዲስ ሲሆን እንደዚያ ነው። ጥቂት ቀን ካልረጋ ቢነኩት ይበላሻል።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እሷ ግን አመነችኝ፤ እርጎም ጠላም ሲረጋ አይነካም፣ ታዲያ ይሄስ ለምን ይነካል? ነጠላዋን አጥፋ አቧራ እንዳይገባበት ማሽኑን አለበሰችው። እውነቱን ልናገር፤ ብትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከጠረጴዛው አልተነሣሁም። ብነሣ ከፍታ ታየዋለች። ወደ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ሮጬ ሄጄ ሮጬ ነው የተመለስኩት። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ «አሞኛል» ብዬ ቀረሁ፤ ለኔ ሲባል እሷ ሄዳ ስሜን አስመዘገበች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ነጠላ ከለበሰ ማሽን ፊት ለፊት ተቀምጬ የምሠራ መስዬ ቁልፍ እነካካለሁ። ጠባብነቱ ድሮም የነበረ ነው፤ ያን ቀን ግን ግድግዳው ወደ እኔ የሚጠጋ እየመሰለኝ አየር አጠረኝ። ደጅ መውጣት አልችልም፣ መናገርም አልችልም። ከስብሰባ ስትመለስ ከበሩ ላይ ሆና «ረጋ?» አለችኝ።

«አልረጋም።»

ሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ የማሽኑን የመብራት ገመድ ነቅዬ በቦርሳዬ ያዝኩት። እንግዲህ ቤቱ ያለ እኔም ተቆለፈ ማለት ነው። መሥሪያ ቤት እንደደረስኩ ዲስኬቶቹን የሰጠኝን አንጋፋ ሰው ለብቻው ወደ ጥግ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ የባለቤቴ ጽሑፍ ጠፍቶብኛል። ሌላው ሁሉ ተቀድቷል፤ የሷ ብቻ አልተቀዳም።»

ሁሉንም ከሰማኝ በኋላ መነጽሩን አወለቀ። «ማሽንህ በተከፈተ ቁጥር ቀን ይጠይቃል አይደል?»

«ይጠይቃል።»

«አንተ ምን ትለዋለህ?»

«የፈረንጁን ቀን ነዋ፣ ጋሼ።»

«እሷስ?»

እሷ ምን እንደምትለው አላውቅም ነበር። እያሰብኩ ስሄድ ግን አንድ ጠዋት ትዝ አለኝ። አልጋ ላይ ጋዜጣ ይዤ ነው፤ እሷ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና፣ «ዛሬ ጥቅምት ሠላሳ ነው ብለው እምቢ አለኝ፤ እንዲህ ዓይነት ቀን የለም ይለኛል» አለችኝ። እኔ ቀና ሳልል «እንግዲያው ሃያ ዘጠኝ በይው» አልኳት። ለፈረንጅ ማሽን ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ሠላሳ ቀን የለውም። የዚያኑ ዕለት ቀና ብል ኖሮ በእኛ አቆጣጠር እየጻፈች እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ዓመቱን ሰማንያ ብላ ነው የምትጽፈው፤ እውነትም በእኛ ሰማንያ ነበርን፤ በፈረንጁ ግን ሰማንያ ስምንት ነው፣ የማሽኑ ዘመን ደግሞ የሚጀምረው ከፈረንጁ ሰማንያ ነው። ለማሽኑ ግን የሷ ጽሑፍ ከፈረንጁ ዝባዝንኬ ሁሉ በላይ ያረጀ፣ ዓለም ሲፈጠር የተጻፈ ነገር ሆነበት። ስለዚህ «ካለፈው ሐምሌ ወዲህ» ስለው አልፎት ሄደ።

«መመለሻ የለውም?» አልኩት ጋሼን።

«አጥበህ ሌላ ጭነህበታል። የለውም» አለኝ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ዛሬውኑ ንገራት» አለኝ።

አልነገርኳትም። ሰኞ ማታ ከክፍል ደክሟት መጣች፤ ለደከመ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይነገርም አልኩ። ማክሰኞ ደስ ብሏት ነበር፤ ለደስተኛም አይነገርም። ረቡዕ ራሷን አሟት ጋደም አለች። ለሁሉም ቀን ሰበብ አላጣሁም። የሚገርመው፣ ጥፋቱ የሷ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን መሞከሬ ነው፤ የፈረንጅ ማሽን በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠራው፣ ማን በእኛ ጻፊ አላት እያልኩ አውቶቡስ ውስጥ ለብቻዬ እሟገታለሁ። እቤት ስገባ ሙግቱ ሁሉ ይጠፋኛል። ጠዋት «ረጋ?»፣ ማታ «ረጋ?»። እሷም ቀስ በቀስ ቃሏን እንደ ቀልድ ይዛዋለች፤ እኔ ስቆጣ «አንተም አልረጋህም» ትለኛለች፤ ትስቃለች።

ሐሙስ ማታ አንድ ጥቅል ንጹሕ ወረቀት ታቅፋ ገባች። አለቃዋን ለምና፣ መሥሪያ ቤት ባለው ማተሚያ ቅዳሜ እንድታትም ፈቅዶላታል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ነጠላ ከለበሰው ማሽን አጠገብ አስቀመጠችና በመዳፏ አስተካከለችው።

«ካልረጋ አትቸኩል» አለችኝ። «የቀረኝ ማጠቃለያው ነው፣ ሁለት ገጽ። ዓርብ ማታ ብትከፍትልኝ እንኳ እደርሳለሁ።»

«የለም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጽሑፍሽ። ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ስለ አቆጣጠሩ፣ ስለ ጥቅምት ሠላሳ፣ ስለ ፎርማቱ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጇን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ቅዳሜ።»

«ያለፈው ቅዳሜ? ከሸጎሌ ስመጣ?»

«አዎ።»

በጣቶቿ ቆጠረች። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። አምስተኛውን ጣቷን ከያዘች በኋላ ለረጅም ጊዜ እጇን አልፈታችም። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ዛሬም ልገልጸው አልችልም፤ አፈርኩ ብቻ።

«የጠፋው ይጥፋ» አለችኝ። «ቀኖቼን ግን ለምን ወሰድክብኝ?»

ከአልጋው ሥር ደላሎቹን ስታነጋግር የጻፈችባቸውን ደብተሮች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ማሽኑን ወደ ወለሉ አውርድልኝ አለችኝ፤ አወረድኩት። ያንን ንጹሕ ወረቀት ፈታችና በእስክርቢቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። አጠገቧ ስቆም «ሂድ እስቲ፣ ደጅ ተቀመጥ» አለችኝ። ስንት ቀን ልወጣው የተመኘሁት ደጅ ነው። በሩ ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ብዕሯ ወረቀቱን ሲቧጥጠው ስሰማ ቆየሁ።

ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች፣ ከክፍል ቀረች፣ ከእኔ ጋር ከ«እህ» በቀር አልተነጋገረችም። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ጻፈች፤ ሰባት ቀን ፈጀባት። ኋላ እንደነገረችኝ ከመጀመሪያውም የተሻለ ወጥቶላት ነበር። ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደች፤ ቀነ ገደቡ ሰኞ አልፏል ብለው ሳይከፍቱት መለሱላት። የዘገየችው ሦስት ቀን ነው።