ከተጠባባቂነት ወደ አንቱታ

የቢሮዬ በር ላይ «ተ/የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። «ተ/» ተጠባባቂ ማለት ነው። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ «ሰው እስኪመደብ ያዝልን» ተባልኩና ያዝኩ። ሰው ሳይመደብ ዓመታት አለፉ። የምንሠራበት ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ እኩያዬና ጎረቤቴ የሆነ ቀልደኛ ሰው፣ «ተ/»ን እንደ ሰው ስም «ተክለ» ብሎ አነበበውና «ተክለ ኃላፊ» ይለኝ ጀመር። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ስገባ ከኋላ ወንበር ይጮኻል።

«ተክለ ኃላፊ፣ ዛሬም አልጸደቅክም?»

«ውኃ የሚያጠጣኝ አጣሁ» እለዋለሁ።

ስለ ሹመት ከንቱነት ብዙ ጽፌያለሁ። ወንበር በሚያሳድዱ ሰዎች ላይ በጋዜጣ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያም ሆኖ ያቺ «ተ» ከነእዝባሯ እንድትነሳልኝ እፈልግ ነበር። ክፍሉ የእኔ ነው እንዲባል። ይህንን ለባለቤቴ ብቻ ነግሬያታለሁ፤ ለእሷም እንደ ቀልድ አድርጌ።

በዚያ ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን ከአንድ ሥልጠና ተመልሶ «የሥራ ዕድገት ውይይት» የሚባል ነገር አመጣ። ሠራተኛው አንድ በአንድ ይገባል፣ ስለ ወደፊቱ ይወያያል፣ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል። ከመጣ ጀምሮ ግን አንተ ይለኛል፣ እኔም አንተ እለዋለሁ። ወድጄለት ነበር። እዚህ አቃቂ፣ ፋብሪካ ለፋብሪካ ስንዞር ለኖርን ሰዎች፣ አንተ መባባል አብሮ መሥራት ነው።

ተራዬ ደርሶ በሩን ሳንኳኳ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ!»

ከኋላዬ ማን እንደመጣ ለማየት ዞርኩ። ማንም የለም። ኮሪደሩ ላይ የፅዳት ባልዲ ብቻ ቆሟል።

«እዚህ ይቀመጡ። ያኛው ወንበር ወገብ ይጎዳል።»

ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ያለኝ ቦታ ተቀመጥኩ።

እስከዚህ ድረስ እንኳን ተስፋ ነበረኝ። «እርስዎ» ሊለኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እርስዎ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ባንክ ቤት መስኮት ላይም ይባላል፣ ማንንም አያስረጅም። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አድርጎ እንዲህ አለ።

«አንቱ እኮ ለዚህ ቤት አባት ነዎት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልሰማውም ይገባኝ ነበር። በመስኮቱ በኩል ሲታይ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ነው። አጥሩን ይገጨው ይሆን እያልኩ እሱን አያለሁ።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?»

«ወገብ የሚጎዳው ወንበር ላይ።»

ሳቀ። «አንቱ ቀልድ አያልቅብዎትም! እንግዲህ ጋሼ፣ ክፍሉን ለአዲስ ኃይል እንስጠው ብለናል። ቪዲዮው፣ ሶሻል ሚዲያው፣ ሁሉም ሩጫ ነው። አንቱን ማድከም አልፈለግንም። አማካሪ ይሆናሉ።»

«ማንን ነው የማማክረው?»

«እኛን ነዋ!»

«ስለ ምን?»

«ስለ… ስለ ሁሉም።»

በዚህ አገር ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው አማካሪ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጠረጴዛ አለው፣ ጠያቂ የለውም።

«ደስ አላለዎትም እንዴ?»

«ብሎኛል» አልኩ። የጭነት መኪናው አጥሩን ሳይገጭ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። መናደድ ይገባኝ ነበር፤ ንዴቱን ብጠብቀው አልመጣም።

ወጣቱ ትውልድ አክብሮት አያውቅም እየተባለ ሲጻፍ እሰማለሁ። ስህተት ነው። አሳምሮ ያውቃል፤ የት እንደሚጠቅምም ያውቃል። ደብዳቤ ሳይጻፍ፣ ድምፅ ከፍ ሳይል፣ በግስ መድረሻ ብቻ ሰው መሸኘት የሚቻልበት ቋንቋ አለን። እኔ ራሴ በፋብሪካው መጽሔት ላይ «አንቱ የተባሉ ባለሙያ» እያልኩ ስንቱን አወድሻለሁ። አሁን ሳስታውሰው አብዛኛውን የጻፍኩት ለሽኝት ነበር።

ማታ ሰርቪስ ውስጥ የግምጃ ቤቱ ሰው ከኋላ ጮኸ።

«እህስ ተክለ ኃላፊ፣ ጸደቅክ?»

«ተነቀልኩ። አማካሪ ሆኛለሁ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ቦርሳውን ከአጠገቡ አነሳና «ና ባክህ፣ በመስኮት በኩል ተቀመጥ» አለኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ስንቅ ያደረሱ ሴቶች ባዶ ሳህኖቻቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በመስኮቱ ሥር ያልፋሉ።

ባለቤቴ በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። ጠዋት ስወጣ የውይይቱን ነገር ስላነሳሁላት አልረሳችውም።

«እህ፣ ‹ተ›ዋን አነሳልህ?»

«ከነኃላፊዋ አነሳልኝ።»

«ምን ብሎ?»

«አንቱ ብሎ።»

ከት ብላ ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን አየችና ተወችው። እጅጌዬን ያዝ አድርጋ፣ የሥራ አስኪያጁን ድምፅ ሰምታ የማታውቅ ሴት፣ ልክ እሱ እንዳለው አድርጋ አለችኝ።

«በሉ አንቱ፣ ጫማዎን ያውልቁና ይግቡ። ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።»

አወለቅኩ። ወለሉ ገና እርጥብ ነበር፤ ካልሲዬ እስኪርስ ድረስ እዚያው ቆምኩ።